አርባ ሰው የሚጠቀምበትን አሮጌ ፕሮግራም ስረከብ

ይህን የምጽፈው አሮጌ ፕሮግራም ለመረከብ ለምታስቡ፣ ወይም እንደ እኔ ሳታስቡት እጃችሁ ላይ ለወደቀባችሁ ነው። እኔ የተረከብኩት ኒውስሪደር ነው፤ የዩዝኔት ውይይቶች የሚነበቡበት፣ ማውስ የማያውቅ፣ ከዳር እስከ ዳር በኪቦርድ የሚሠራ የተርሚናል ፕሮግራም። ስሙን ልተወው። ተጠቃሚዎቹ አርባ ገደማ ናቸው። ይህንንም የማውቀው ቆጥሬ ሳይሆን፣ ፕሮግራሙ በተበላሸ ቁጥር ከሚጮኸው ሰው ብዛት ተነስቼ ነው።

ዩዝኔት በ1979 በዱክ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ቶም ትረስኮትና ጂም ኤሊስ ያሰቡት፣ በ1980 ሥራ የጀመረ የውይይት መረብ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ውሰዱልኝ)። ማእከል የለውም። አንዱ የጻፈው መልእክት ከሰርቨር ወደ ሰርቨር እየተቀዳ ይሰራጫል፤ አንባቢው ደግሞ በመረጠው ሰርቨር ገብቶ ያነባል። አንባቢና ሰርቨር የሚግባቡበት ፕሮቶኮል ኤንኤንቲፒ ይባላል። በ1986 በአርኤፍሲ 977 ወጣ (አርኤፍሲ የኢንተርኔት ደንቦች የሚወጡበት ባለ ቁጥር ሰነድ ነው)፣ በ2006 በአርኤፍሲ 3977 ታደሰ። የእኔን ራስ ምታት የወለዱት በሁለቱ መካከል ያሉት 20 ዓመታት ናቸው። በእነዚያ ዓመታት ሰርቨሮቹ የየራሳቸውን ዘዬ አበጅተዋል፤ አሮጌው ፕሮግራም ደግሞ ያን ሁሉ ዘዬ ችሎ ነው ያረጀው። ይህ የገባኝ ግን ብዙ ካበላሸሁ በኋላ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ2020 ነው። እስከዚያ ድረስ ተራ ተጠቃሚ ነበርኩ። ኮምፒውተሬን አሳድሼ ፕሮግራሙን እንደገና ኮምፓይል ሳደርግ፣ ማለትም ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ስቀይር፣ አልገነባም አለ። የዚያ ዓመት ኮምፓይለር፣ ጂሲሲ 10፣ አንድ የቆየ ቸልታ ትቶ ነበር። ድሮ በሄደር ፋይል ውስጥ «ኤክስተርን» ሳይባል የተጻፈ ግሎባል ተለዋዋጭ በየፋይሉ ቢደጋገም ዝም ብሎ ያዋህደው ነበር፤ አሁን «ይህ ስም ከአንድ ጊዜ በላይ ተሠርቷል» ብሎ ያቆማል። አሥራ አንድ መስመር ላይ አንድ ቃል ጨመርኩና ሠራ። ፓቹን፣ ማለትም እርማቱን፣ ለደራሲው ላክሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፦ «አመሰግናለሁ። እኔ ከዚህ ነገር ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ከፈለግህ ሙሉውን ውሰደው።» ከሥሩ የኮዱ ማከማቻ መግቢያ ነበረ። በደስታ ዘለልኩ። አንድም ጥያቄ አልጠየቅሁም።

የመጀመሪያው ስህተቴ ይኸው ነው። ደራሲው ገና ኢሜይል በሚመልስበት በዚያ ሳምንት መጠየቅ የነበረብኝ ብዙ ነበር። ዶሜይኑ በማን ስም ተመዝግቧል፣ ክፍያው መቼ ያበቃል? የልቀቶቹ (የሚወጡት አዳዲስ እትሞች) እውነተኛነት የሚረጋገጥበት የፊርማ ቁልፍ የት አለ? የቆዩ የስህተት ሪፖርቶች፣ ከተጠቃሚዎች ጋር የተጻጻፋቸው ደብዳቤዎችስ? ከሁሉ በላይ ደግሞ፦ «ኮዱ ውስጥ ሲያዩት የሞኝ ሥራ የሚመስል፣ ግን ምክንያት ያለው ነገር የቱ ነው?» ይህችን የመጨረሻዋን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ከዚህ በታች የምትነበበው ታሪክ ግማሹ አይኖርም ነበር። ከአምስት ወር በኋላ ዶሜይኑ ጊዜው አለፈና ሌላ ሰው ወሰደው፤ የማውረጃው ሊንክ ወደ ማስታወቂያ ገጽ መሄድ ጀመረ። ለደራሲው ጻፍኩ። አድራሻው መልእክት አልቀበል ብሎ መለሰልኝ። እናንተ የምትረከቡ ከሆነ፣ ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት አንድ ሰዓት ስልክ አውሩ። ሰውየው የሚያወራው ሁሉ ይቀዳ።

ሁለተኛው ስህተቴ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ዓይነት ነው። ፕሮግራሙ ከተገነባ፣ ሰዎቹም እያነበቡበት ከሆነ፣ ምን ጎደለ? እኔ ግን ኮዱን ሳየው አፈርኩ። በሲ ቋንቋ የተጻፈ፣ አንዱ ፈንክሽን ስምንት መቶ መስመር የሚሄድ፣ ስሞቹ ሁለትና ሦስት ፊደል ብቻ። ስለዚህ ከሥር ጀምሬ በአዲስ ቋንቋ ልጽፈው ወሰንኩ። ሰባት ወር ሙሉ ማታ ማታ ሠራሁ። መልእክት ማምጣትና ማሳየት በሦስት ሳምንት አለቀ፤ ያኔ ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ቀሪው ጊዜ የሄደው በጥቃቅኑ ነው፦ የመልእክቶቹን ሰንሰለት «ሪፈረንስስ» ከሚለው ሄደር (የመልእክቱ ራስጌ መስመር) እየለቀሙ ዛፍ መሥራት፣ መካከል ላይ አንድ መልእክት ቢጎድል ዛፉ እንዳይበታተን ማድረግ፣ በነጥብ የሚጀምር መስመር ሲመጣ ሰርቨሩ የጨመረውን አንድ ነጥብ መልሶ ማንሳት። (በኤንኤንቲፒ ብቻዋን የቆመች ነጥብ «መልእክቱ አለቀ» ማለት ናት፤ ስለዚህ በነጥብ የሚጀምር መስመር ሁሉ በጉዞ ላይ አንድ ተጨማሪ ነጥብ ይለብሳል። ይህን የረሳ ፕሮግራም የሰው ደብዳቤ መካከል ላይ ይቆርጣል። የእኔው አዲሱ ረስቶ ነበር።)

አዲሱ ፕሮግራም የአሮጌውን ሰባት አሥረኛ ያህል ሥራ መሥራት ሲጀምር 2021 ገባ። በማርች ወር አርኤፍሲ 8996 ወጣና የቆዩት የቲኤልኤስ 1.0 እና 1.1 ምስጠራዎች በይፋ ጡረታ ወጡ። የሰርቨር ባለቤቶች ተራ በተራ ይዘጉት ጀመር። የአሮጌው ፕሮግራም ምስጠራ ከዚያ የሚያልፍ አልነበረም። «ግንኙነቱ ተቋረጠ» የሚል ኢሜይል በአንድ ሳምንት አሥራ ሁለት መጣልኝ። በእጄ ያለው ምንድን ነው? ያልተጠናቀቀ አዲስ ፕሮግራምና ለሰባት ወር ያልተነካ አሮጌ። ሰዎቹ የሚያነቡበት ደግሞ አሮጌው ነው።

አዲሱን በዚያው ሌሊት አቆምኩት። ዛሬም አንድ አቃፊ ውስጥ ተኝቷል፤ አልፎ አልፎ ከፍቼ አየውና እዘጋዋለሁ።

ምስጠራውን ለማሳደስ የኦፕን-ኤስኤስኤል ላይብረሪን (ፕሮግራሞች ለምስጠራ የሚዋሱትን ዝግጁ ኮድ) ነካካሁ። በ2016 ከወጣው 1.1.0 ጀምሮ ላይብረሪው የውስጥ መዋቅሮቹን ደብቋል፤ የእኛ ኮድ ደግሞ እጁን ቀጥታ ወደ ውስጥ እየከተተ ነበር የሚያነበው። ሁለት ሳምንት ታገልኩ። ከዚያ አንድ ተጠቃሚ በጨዋ ቋንቋ «ለምን ስታነል አትጠቀሙም?» ብሎ ጻፈልኝ። ስታነል በኮምፒውተራችሁ ላይ ቁጭ ብሎ የፕሮግራሙን ግልጽ ንግግር ተቀብሎ፣ አመስጥሮ፣ ወደ ሰርቨሩ 563 ቁጥር ፖርት የሚያሳልፍ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ኒውስሪደሩ የሚያወራው ከራሱ ኮምፒውተር ጋር ስለሆነ ስለ ቲኤልኤስ ምንም ማወቅ አያስፈልገውም። ማዋቀሪያው ጥቂት መስመር ብቻ። ከኮዱ ውስጥ ሁለት ሺህ መስመር የሚጠጋ የምስጠራ ኮድ አወጣሁ፤ ፕሮግራሙን ከተረከብኩ ወዲህ የሠራሁት ምርጥ ሥራ እሱ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ስታነል በራሱ ፈቃድ የሰርቨሩን ሰርተፍኬት አያረጋግጥም። የማረጋገጫውን ቅንብርና የሰርቨሩን ስም ማመሳከሪያውን ራሳችሁ ማብራት አለባችሁ። ያለዚያ ምስጢራችሁን አሽጋችሁ ለማታውቁት ሰው እንደመስጠት ነው።

ከዚህ በኋላ ሰው ይማራል ትሉ ይሆናል። እኔ «እንደገና አልጽፍም» ከማለት «ላጽዳው» ወደማለት ነው የተሻገርኩት፤ ከድጡ ወደ ማጡ። ፕሮግራሙ ሰርቨር ሲገባ «ሞድ ሪደር» የሚል ትእዛዝ ይልካል፣ ስምና የይለፍ ቃል ይሰጣል፣ ከዚያ ያንኑ «ሞድ ሪደር» ደግሞ ይልካል። ሁለት ጊዜ! ሁለተኛውን ሰረዝኩት። በእኔ ሰርቨር ምንም አልሆነም። በወሩ ሁለት ሰዎች «ማንበብ እንችላለን፣ መጻፍ ግን አልቻልንም» አሉ። ለካ አንዳንዱ ሰርቨር መጀመሪያ የሚያገናኛችሁ ሰርቨሮች እርስ በርሳቸው መልእክት ከሚለዋወጡበት በር ጋር ነው፤ ወደ አንባቢዎች ክፍል የሚያሳልፋችሁ በዚያ ትእዛዝ ነው። የይለፍ ቃል ከመቀበሉ በፊት የተላከለትን «ሞድ ሪደር» 480 በሚለው ቁጥር፣ ማለትም «መጀመሪያ ማንነትህን አስረዳ» ብሎ ይመልሰዋል። ከዚያ በኋላ ካልደገማችሁለት የተጠየቀ መሆኑን ይረሳዋል። ደራሲው ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። ያልጻፈው ግን ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ አንዲት የኮሜንት መስመር ነው። እኔም ሰርዤው ስመልሰው መስመሯን ጻፍኳት።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋቴ ልምጣ። ይህን ለማውራት ትንሽ ይከብደኛል።

ኒውስሪደሮች ያነበባችሁትንና ያላነበባችሁትን የሚመዘግቡበት «ኒውስአርሲ» የሚባል ፋይል አለ። ቅርጹ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያው ነው። በአንድ መስመር አንድ የውይይት ቡድን። ከስሙ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ ካለ ትከታተሉታላችሁ፣ ቃለ አጋኖ ካለ ትታችሁታል። ከዚያ ያነበባችኋቸው መልእክቶች ቁጥር ይከተላል፦ 1-48210,48214,48219-48233። ይኸው ነው። ሲያዩት ከንቱ የቁጥር ክምር ይመስላል።

አሮጌው ኮድ ይህን ፋይል ሲያስቀምጥ ዙሪያ ጥምጥም ይሄድ ነበር። መጀመሪያ ፋይሉ ወደ ሌላ ቦታ የሚጠቁም ሊንክ እንደሆነ ያጣራል፤ ከሆነ እውነተኛው ፋይል ያለበትን ይፈልጋል። እዚያው አጠገቡ ሌላ ፋይል ይከፍታል፣ ሁሉንም ይጽፋል፣ በትክክል መጻፉን ይፈትሻል፣ ወደ ዲስኩ መውረዱን ያረጋግጣል፣ የቀደመውን በሌላ ስም ያኖራል፣ በመጨረሻ የአዲሱን ስም ይለውጣል። ስድሳ ምናምን መስመር። እኔ በስድስት መስመር ተካሁት፦ ክፈት፣ ጻፍ፣ ዝጋ። ኩራቴን ብታዩት። በ2022 ለቀቅኩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ አረጋዊ ተጠቃሚ ጻፉልኝ። ፕሮግራሙን ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምረው የሚጠቀሙ፣ ስህተት ሲያገኙ እንኳ «ምናልባት የእኔ ጥፋት ሊሆን ይችላል» ብለው የሚጀምሩ ሰው ናቸው። «ዛሬ ስከፍተው ባዶ ነው። ሁሉም ቡድን፣ ሁሉም ምልክት የለም። ፋይሉን አየሁት፤ መጠኑ ዜሮ ነው» ይላል ደብዳቤው። ላቤ ጠብ አለ። ምን እንደሆነ ለማወቅ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። ዲስካቸው ሞልቶ ነበር። ፋይልን ለመጻፍ ስትከፍቱት በዚያችው ቅጽበት የነበረው ይጠፋል፤ ከዚያ እኔ ልጽፍ ስል ቦታ የለም፤ መጻፌ መክሸፉን ደግሞ አላጣራሁም። ፕሮግራሙ በሰላም ተዘጋ። አሮጌው ኮድ ቢሆን አዲሱ ፋይል ብቻ ነበር የሚከሽፈው፤ ዋናው አይነካም።

ይቅርታ ጠየቅሁና፣ እንደ ማጽናኛ፣ «ሁሉንም እስከ ዛሬ የተነበበ አድርገን ብንጀምር ከአዲሶቹ መቀጠል ይችላሉ» አልኳቸው። መልሳቸውን እስካሁን አስቀምጬዋለሁ፦ «ያነበብኩትማ ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው ያላነበብኩትን ነው።»

ያኔ ነው የገባኝ። ለሃያ ሁለት ዓመት ሊመለሱባቸው የሚፈልጓቸውን መልእክቶች «ያልተነበበ» እያሉ ምልክት ሲያደርጉ ኖረዋል። ከ48210 በኋላ 48214 ላይ መዝለሉ ድንገተኛ አልነበረም፤ መካከል የቀሩት ሦስቱ አንድ ቀን ሰፋ አድርገው ሊመልሱባቸው ያስቀመጧቸው ነበሩ። ማስታወሻ ደብተራቸው በቁጥሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ነው። እኔ ቁጥሮቹን ስመለከት ክፍተቱን አላየሁትም።

እንደ እድል ሆኖ የስምንት ወር ዕድሜ ያለው ቅጂ በአሮጌ ኮምፒውተራቸው ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ያሉትን ደግሞ አንድ በአንድ በማስታወስ ሞሉ፤ ሁሉንም አላገኙትም። እኔም ስድሳውን መስመር መለስኩ። የራሳችሁን ፕሮግራም የምትጽፉ ከሆነ ከዚህ ውስጥ ሁለቱን ነገር አትዝለሉ። ጊዜያዊው ፋይል ከዋናው ጋር እዚያው አቃፊ ውስጥ ይሁን፤ በሌላ ዲስክ ላይ ከሆነ የስም ለውጡ በአንድ ቅጽበት የሚያልቅ ሥራ መሆኑ ይቀራል። ሊንክ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ተከተሉት፤ አለበለዚያ ፋይላቸውን ከሌላ አቃፊ ጋር ያገናኙ ሰዎች ሊንካቸው ተሰብሮ ሁለት የተለያየ ፋይል ይዘው ይቀራሉ። አንባቢ የሆናችሁ ደግሞ ኒውስአርሲያችሁን አሁኑኑ ቅዱት። ሰርቨር ስትቀይሩ ግን ቅጂው እንደማይሠራ እወቁ፤ ቁጥሩን የሚሰጠው እያንዳንዱ ሰርቨር ለራሱ ነው፣ የዚህኛው 48214 የዚያኛው 48214 አይደለም። በሁሉም ሰርቨር አንድ የሆነው የመልእክቱ መለያ፣ «ሜሴጅ-አይዲ» የሚባለው ብቻ ነው። ያን ጊዜ ከደነገጥኩ ወዲህ ምልክት የተደረገባቸውን መለያዎች በሌላ ፋይል የሚያኖር ትእዛዝ ጨምሬያለሁ፤ ከጨመርኳቸው ነገሮች ሁሉ ሰዎች ያመሰገኑኝ በእሱ ብቻ ነው።

ከዚያ የደረሰውን ቶሎ ቶሎ ልበል። በአነስተኛ የአርም ኮምፒውተር ላይ የጫነ አንድ ሰው ፕሮግራሙ ሲነሳ ተንጠልጥሎ ይቀራል አለ። ፋይሉን ፊደል በፊደል የሚያነበው ኮድ ፊደሏን «ቻር» በሚባል ዓይነት ተለዋዋጭ ተቀብሎ፣ «ፋይሉ አለቀ» የሚለውን −1 ይጠብቃል። በተለመዱት ኢንቴል ኮምፒውተሮች «ቻር» ከዜሮ በታች መያዝ ይችላል፤ በሊኑክስ አርም ላይ ግን አይችልም፣ −1 መጥቶ 255 ይሆናል፣ ንባቡም አያልቅም። አንድ ቃል ቀይሬ አለፍኩ። በ2024 ጂሲሲ 14 ሲመጣ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ብቻ የነበሩት የድሮ ሲ ልማዶች ስህተት ሆኑ። ይህኛው አላስደነገጠኝም፤ ከሁለት ዓመት በፊት ማስጠንቀቂያዎቹን አንድ በአንድ አጽድቼ ነበር። በየሳምንቱ ሃያ ደቂቃ። ይህን ልማድ ለሁሉም እመክራለሁ።

የመልእክት አርእስት ነገር ግን ቆም ብዬ ልነግራችሁ የሚገባ ነው፤ የራሳችን ፊደል ያለበት ስለሆነ። በመልእክት ሄደር ውስጥ ከእንግሊዝኛ ውጭ የሆነ ጽሑፍ በአርኤፍሲ 2047 መሠረት ተጠቅልሎ ነው የሚላከው። አንዱ ጥቅል ከ75 ምልክት መብለጥ የለበትም፤ ከጥቅሉ ማሰሪያ የተረፈው 45 ባይት ይይዛል። አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደልን በቁጥር በሚያስቀምጡበት ዘዴ፣ ሦስት ባይት (ሦስት ቁጥር) ነው፤ «ሰ» ለምሳሌ 225፣ 136፣ 176 ናት። እኔ ስፈትን ሃያ ፊደል ያህል ያለ ክፍተት ደርድሬ ላክሁ፤ ልክ 15 ፊደል በአንደኛው ጥቅል ገባ፣ የቀረው በሁለተኛው፣ ሁሉም አማረ። በማግስቱ እውነተኛ አርእስት ስጽፍ መካከሉ ላይ ሁለት የጥያቄ ምልክት ብቅ አለ። በቃላት መካከል ያለች ክፍት ቦታ አንድ ባይት ብቻ ናት፤ እሷ ስትገባ ስሌቱ ይዛነፋል፣ 45ኛው ባይት ላይ ሲቆረጥ «ሰ» ለሁለት ትሰነጠቃለች። ፕሮግራሙ ባይት እንጂ ፊደል አይቆጥርም ነበር። በራሳችሁ ቋንቋ ስትፈትኑ ሰው እንደሚጽፈው ጻፉ፤ ክፍት ቦታ፣ ቁጥር፣ አራት ነጥብ፣ ሁሉም ይኑርበት።

ከአረጋዊው ፋይል ቀጥሎ የሚያሳፍረኝ በ2023 የሆነው ነው። ስህተት መፈለግ ሲከብደኝ ከሰርቨሩ ጋር የተባለውን ሁሉ የሚመዘግብ ሎግ ጨመርኩ፤ ትልቅ እፎይታ ሆነልኝ። አንዲት ተጠቃሚ ችግር ሲገጥማት «ሎጉን ላኪልኝ» አልኳት። እሷም ለሌሎችም ይጠቅማል ብላ በምንወያይበት ቡድን ላይ ለጠፈችው። ከስምንተኛው መስመር ላይ የይለፍ ቃሏ፣ ከነስሙ፣ ፊደል በፊደል ተቀምጧል። ዩዝኔት ላይ የወጣ ደግሞ አይመለስም። የመሰረዣ መልእክት የሚባል ነገር አለ፣ ግን ማንም በሰው ስም አስመስሎ መላክ ስለሚችል ብዙ ሰርቨሮች ከነጭራሹ አይቀበሉትም። ቃሉን ወዲያው እንድትቀይር ነገርኳት፣ ቀየረች፣ ያንኑ የይለፍ ቃል ሌላ ቦታ ትጠቀምበት እንደነበረ ግን ቆይታ ነው የነገረችኝ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ሎግ የሚጽፍ ፕሮግራም ያላችሁ ሁሉ፣ ሰው እንዲልክላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት የራሳችሁን ሎግ እንደ ባዳ ሆናችሁ አንብቡት። አሁን ከይለፍ ቃሉ ትእዛዝ በኋላ ያለው ሁሉ በኮከብ ይሸፈናል፤ ኮከቡም ሁልጊዜ ስምንት ነው፣ ርዝመቱን እንኳ እንዳይናገር።

2024 በደህና ጀመረ። ጉግል ግሩፕስ ከፌብሩዋሪ 22 ጀምሮ ከዩዝኔት ጋር የነበረውን ግንኙነት ሲያቋርጥ የማስታወቂያ ቆሻሻው ከቡድኖቻችን ላይ በአንድ ጊዜ ቀለለ፤ ሰዎች ዓመታት የገነቧቸው የማጣሪያ ደንቦች ሥራ ፈቱ። በዚያው በኩል ይገቡ የነበሩ ጥቂት ሰዎችም ወደ እኛ መጡና ኢሜይሌ በዛ። ደክሞኝ ነበር። በዚያ መካከል አንድ የማላውቀው ሰው በጣም ትሁት ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ሥራው እንደበዛብኝ እንደሚታየው፣ ልቀቱን እሱ ቢረከብልኝ ደስ እንደሚለው፣ መግቢያ ብቻ ብሰጠው እንደሚበቃ። «እግዜር ላከው» አልኩ። የዚያኑ ቀን ያልሰጠሁት ጥንቁቅ ሆኜ አይደለም፤ ቁልፉ ያለበትን ፍላሽ ፈልጌ ለማምጣት ሰንፌ ነው። ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ማርች መጨረሻ ላይ የኤክስዜድ ነገር ተሰማ። ብዙ ሊኑክስ ውስጥ ያለ ትንሽ የማመቂያ ላይብረሪ ነው። ደክሞት የነበረውን ጠባቂውን «እናግዝህ» ብሎ የቀረበ ሰው፣ ዓመታት ፈጅቶ እምነት አትርፎ፣ በልቀቱ ውስጥ የጓዳ በር አስገባበት። የተገኘውም አንድ መሐንዲስ የርቀት መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ስለዘገየበት ነው። ያን አንብቤ ያችን ሌሊት አልተኛሁም።

የእኔው ሰው ምናልባት ቅን ሰው ነበር። «በትንሽ ፓች እንጀምር» ብዬ ስጽፍለት መልስ አልሰጠም፤ ከዚያ በላይ የማውቀው የለም። የተለወጥኩት እኔ ነኝ። ለማላውቀው ቁልፍ ልሰጥ የደረስኩት ከሚያውቁኝ አርባ ሰዎች አንዳቸውን እንኳ እርዳታ ጠይቄ ስለማላውቅ ነበር። «ደክሞኛል፣ ሰው እፈልጋለሁ» ብዬ በግልጽ ጻፍኩ። ሦስት መጡ። ስታነልን የነገረኝ ሰውዬ እያንዳንዱን ልቀት በሦስት ዓይነት ሰርቨር ይፈትናል። የይለፍ ቃሏ የወጣባት ሴት መመሪያውን እንደገና ጻፈች፤ ስለ ሎግ ያለው ምዕራፍ ከሁሉ የተሻለው ነው። ሦስተኛው የፊርማ ቁልፉን ቅጂ በታሸገ ፖስታ አስቀምጧል። ከፖስታው ጋር እኔ ያልተሰጠኝን ደብዳቤ ጽፌ ከትቻለሁ፦ ዶሜይኑ መቼ ይከፈላል፣ የትኛው ሰርቨር ምን ዘዬ አለው፣ የትኛው አስቀያሚ ኮድ አይነካም፣ በምንስ ምክንያት። አሁን አሥራ አራት ገጽ ሆኗል።

እምቢ ማለትም የለመድኩት በዚያው ዓመት ነው። ትልልቅ ፋይሎችን ከዩዝኔት ማውረጃ ጨምርበት የሚሉኝ ነበሩ፤ ለዚያ ሌሎች ፕሮግራሞች አሉ፣ በደንብም ይሠሩታል። ሥዕል አሳይ፣ ስልክ ላይ ሥራ የሚሉም አሉ። በፊት «አስብበታለሁ» እል ነበር፣ ሰዎቹም ይጠብቃሉ፣ እኔም እሳቀቃለሁ። አሁን በዚያው ቀን «አይሆንም» እላለሁ፣ ከቻልኩም ሌላ ፕሮግራም እጠቁማለሁ። አንድም ሰው አልተቀየመኝም። እሺ ካልኳቸው ውስጥ ትልቁ የቀን ቁጥሩን ከ32 ወደ 64 ቢት ማሸጋገር ነው፤ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 የ32 ቢት ሰዓት ሲሞላ ፕሮግራሙ የመልእክቶቹን ቀን ወደ 1901 እንዳይመልሰው። ግማሹ አልቋል።

ከልቀት በፊት የምናልፍባቸው ፈተናዎች አሁን ሠላሳ አንድ ደርሰዋል። የመጀመሪያው የአረጋዊው ኒውስአርሲ ነው፤ አንድ ቀን ሳልጠይቃቸው «ለፈተና ይሁንህ» ብለው ላኩልኝ። ዲስኩ ሞልቶ፣ መብራት መካከል ላይ ጠፍቶ፣ ፋይሉ ሊንክ ሆኖ እያስመሰልን ፕሮግራሙን እናስነሳዋለን፤ ከዚያ መስመር በመስመር እናመሳክራለን። ባለፈው ልቀት ጊዜም አየሁት። ከ48211 እስከ 48213 ያሉት ሦስቱ እንዳሉ ናቸው፤ ገና አልመለሱባቸውም።